ሎክ ቴይ ዳር ሰባት ቀን፦ ምን ይሠራል፣ ምን ይቅር?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ለንደን ነው። ባለቤቴና እኔ፣ የ13 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለን። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ቴይ የሚባል ሐይቅ ዳር፣ ኪሊን አጠገብ፣ ኮቴጅ ለአንድ ሳምንት ተከራይተናል። የፍልሰታ ፆም እንደተፈታ፣ በኦገስት የመጨረሻ ሳምንት ነው የምንሄደው። ጓደኞቻችን ‹እዚያ ገጠር ምንም የለም፣ ትሰለቻላችሁ› አሉን። ስለዚህ አንድ ቀን ሎክ ኔስ፣ አንድ ቀን ስካይ ደሴት፣ አንድ ቀን ኤድንብራ ብለን ፕሮግራም አወጣን። በቀረው ቀን ልጆቹ ይዋኛሉ፤ ላንጋኖ ሄደን ጎበዝ ነበሩ። ባለቤቴን ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልግም ብለውታል። ትልቁ ልጄ ተራራ ልውጣ፣ ድንኳን ልትከል እያለ ነው። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

ፕሮግራሙን ቀድዳችሁ ጣሉት። ስካይ ይቅር፣ ሎክ ኔስም ይቅር። ኤድንብራን ከፈለጋችሁ ስትመለሱ እግረ መንገዳችሁን ታዩታላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ሁሉ እዚያ አገር ቅርብ አይደለም። መንገዱ በሐይቅ ዳርና በተራራ ሥር እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ከኪሊን ተነስቶ ስካይ ላይ ያለችው ፖርትሪ ከተማ ለመድረስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መመለሻው ሌላ አራት ነው። የስድስት ዓመት ልጅና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ ታጥፈው ሊውሉ ነው ማለት ነው። ሎክ ኔስ ጫፍ ያለችው ፎርት ኦገስተስ እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ትርቃለች። ደርሳችሁ የምታዩት ደግሞ 37 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ጠቆር ያለ ውሃ ነው። የምትሄዱት እዚያ ውሃ ውስጥ ይኖራል ስለሚባለው አውሬ ከሆነ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የ1934 ፎቶ የውሸት መሆኑ ከተጋለጠ ቆይቷል። አሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተገጠመ አንገት ነበር።

ጓደኞቻችሁ «ምንም የለም» ያሉት ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት ነገር ብዙ የለም ለማለት ከሆነ ልክ ናቸው። ያለው ነገር ውሃ፣ ተራራ፣ ደንና አሮጌ ድንጋይ ነው። ይህን ደግሞ ለንደን ሆናችሁ በቀን ከፋፍላችሁ ልትመድቡት አትችሉም። የቀኑን ሥራ የሚወስነው የጠዋቱ ሰማይ ነው። ነፋስ የሌለበት ጠዋት የውሃ ነው። ተራራው ጫፍ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቀን የእግር ነው። ዶፍ ሲወርድ ለመዋል ደግሞ ቤተ መዘክርና ሲኒማ አለ። «ማክሰኞ ዋና፣ ረቡዕ ተራራ» ብሎ የመጣ ሰው ማክሰኞ በነፋስ፣ ረቡዕ በጉም ይበላሽበትና አገሩን ሲረግም ይመለሳል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ፤ ውሃው። ልጆቹ ላንጋኖ ላይ ጎበዝ መሆናቸው እዚህ ብዙም አይረዳቸውም። እንዲያውም ያዘናጋቸዋል ብዬ እሰጋለሁ። ላንጋኖ ሞቃት ነው። የእኛ ሐይቅ ትልቅ ሲሆንም ጥልቅ ላይሆን ይችላል። ጣናን ውሰዱ፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ሎክ ቴይ በስፋት የጣናን አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን ከ150 ሜትር ይበልጣል። ሸለቆውን የቦረቦረው የጥንት ግግር በረዶ ነው፤ ስለዚህ ዳርና ዳሩ ገደል አለው። ጉልበት ድረስ የነበረው ውሃ ሁለት እርምጃ ሲጨመር ከራስ በላይ የሚሆንበት ቦታ ይገኛል። ይህን ያህል ጥልቅ ውሃ ደግሞ በአንድ በጋ አይሞቅም። በኦገስት ፀሐይ ላዩ ለብ ያለ ይመስላል፤ ትንሽ ዝቅ ስትሉ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ዘሎ የገባ ሰው ሳያስበው በረጅሙ አየር ይስባል። የዋና ጉብዝና ይህን አያስቀረውም። ያቺ ትንፋሽ የመጣችው አፍ ውሃ ውስጥ እያለ ከሆነ ሳንባ የሚገባው ውሃ ነው። ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ይህ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ጣጣ ነው። ከዚያ እጅና እግር እየደነዘዘ ይሄዳል፤ ጥሩ ዋናተኛ የነበረ ሰው ዳሩ እየታየው መድረስ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 በሙቀት ሰሞን አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሎክ ሎመንድን ጨምሮ በስኮትላንድ ውሃዎች ብዙ ሰው ሞቷል፤ ልጆችም ነበሩበት። ያን ቀን ማዕበል አልነበረም። ፀሐይ ነበር፤ ውሃውም ይስባል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ አይግቡ ወይ? ይግቡ። ግን ለሁለቱም ዌትሱት የሚባለውን ብርድ የሚከላከል የዋና ልብስ ግዙላቸው ወይም ተከራዩላቸው። ጠጠር ያለበትና ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳርቻ ምረጡ። አንድ ትልቅ ሰው ከልጆቹ በስተ ጥልቁ በኩል ውሃ ውስጥ ይቁም፤ ዳር ላይ ስልክ እያየ የተቀመጠ ሰው ጠባቂ አይባልም። እየተራመዱ፣ ፊታቸውን እያጠቡ ይግቡ እንጂ ከድንጋይ ላይ አይዝለሉ። አሥር ደቂቃ ይበቃቸዋል። በአየር የሚነፋ ፍላሚንጎ፣ ጎማ፣ ፍራሽ ምናምን እቤት ይቅር። ሳያስብ የወደቀ ሰው ካለ ደግሞ መታገል የለበትም፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጆሮው ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይንሳፈፍ። ይህን ለልጆቹ አሁን፣ ለንደን መዋኛ ገንዳ ውስጥ አለማምዷቸው። ሌላም አለ፤ ከሞቃት ቀናት በኋላ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል አረፋ ካያችሁ መርዛማ አልጌ ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን ማንም አይነካካው።

ካያክ የሚባለው ጠባብ ጀልባና ቆመው የሚቀዝፉበት ፓድል ቦርድ ከዋና ይልቅ ለእናንተ ይሻላል። ከአከራይ ስትወስዱ ላይፍ ጃኬት አብሮ ይሰጣችኋል፤ «ሙቀት ነው» ብሎ ማውለቅ የለም። እዚህ ላይ ግን ኪሊን ያረፈ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሎክ ቴይ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የተዘረጋው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ኪሊን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ናት፤ ኬንሞር ሌላው ጫፍ ላይ። የአገሩ ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ኪሊን ዳር ላይ የቆመ ሰው ነፋሱ ከጀርባው ነው፤ ውሃው ፀጥ ያለ ይመስለዋል። ቦርዱ ላይ ወጥቶ ትንሽ ሲቀዝፍ ይፈጥናል፤ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ዞር ሲል ነው ጉዱ የሚመጣው። መመለሻው ፊት ለፊት ነፋስ ነው፣ ክንዱም ደክሟል። መፍትሔው ቀላል ነው። በጠዋት ግቡ፤ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ከዳር ሳትርቁ ዳሩን ተከትላችሁ ቅዘፉ። ሲሄዱ ከተገባው በላይ ከቀለላችሁ ቶሎ ተመለሱ።

ወደ ዓሣው ልምጣ። ባለቤትዎን «ፈቃድ አያስፈልግም» ያሏቸው ሰዎች ግማሹን ነው የነገሯቸው። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት የሚሸጠው የመንጠቆ ፈቃድ አለ፤ ስኮትላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈቃድ የለም። ግን ዓሣ የማጥመድ መብት ባለቤት አለው። በሐይቁ ዳር መሄድ መብታችሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ በአብዛኛው መሬት ላይ በኃላፊነት መራመድን፣ ብስክሌት መንዳትን፣ መቅዘፍን ይፈቅዳል። ዓሣ ማጥመድን ግን አይጨምርም። ሳልሞን ያለ ባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ማጥመድ ወንጀል ነው። እሁድ ቀን ደግሞ ፈቃድ ያለውም ሰው ሳልሞን ማጥመድ አይችልም። ቡናማ ትራውት የሚባለው ሌላው ዓሣ ከማርች 15 እስከ ኦክቶበር 6 ይጠመዳል፤ ስለዚህ ኦገስት ላይ ወቅቱ ነው። ባለቤትዎ ሳልሞንን ይተዉት፤ ዋጋው ውድ ነው፣ መሣሪያውም ሌላ ነው። በዚያው አካባቢ የትራውት የቀን ፈቃድ ይግዙና ከልጁ ጋር አንድ ጠዋት ይሞክሩ። የኮቴጁ ባለቤት ፈቃዱ የት እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁት። ባይዙም ያው ሐይቅ ዳር ዋሉ።

ተራራ ልውጣ ላለው ልጅ መልሴ «አዎ፣ ግን» ነው። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው ቤን ላወርስ 1,214 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ታክሲ ስንሳፈር ነው የኖርነው። ከፍታው አይደለም ችግሩ። ያ ተራራ ከምድር ወገብ ብዙ ርቆ፣ ከአትላንቲክ በሚመጣ ነፋስ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ታች በቲሸርት የሄዳችሁበት ቀን ጫፉ ላይ ጓንት ያስፈልጋል። ጉም በአሥር ደቂቃ ይወርድና መንገዱን ይሰውረዋል። መንገዱ ቤን ግላስ የሚባል ሌላ ተራራ ጫፍ ላይ ያልፋል፤ ደርሶ መልሱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በደህና እርምጃ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አባትና ልጅ ጥሩ ጫማ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ተጨማሪ ሹራብ፣ ምግብና የወረቀት ካርታ ይዘው ጥርት ባለ ቀን ይውጡ። የብሪታንያ ሜቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ለተራራ ብቻ የሚያወጣው ትንበያ አለ፤ የከተማውን ሳይሆን እሱን እዩ። ጫፉ በጉም ከተሸፈነ አይወጣም፤ በቃ።

የስልክ ኔትወርክ በሸለቆው ውስጥ ይቆራረጣል። ከመሄዳችሁ በፊት «ሬጂስተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በጽሑፍ መልእክት ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 999 ላኩና በሚመጣላችሁ መልስ መሠረት ምዝገባውን ጨርሱ፤ ከዚያ ወዲህ መደወል ባይቻል እንኳ በመልእክት እርዳታ መጥራት ትችላላችሁ። ተራራ ላይ አደጋ ከደረሰ 999 ደውሎ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ አደጋ ሠራተኞች ማለት ነው። የሚመጡት ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የራሳቸውን ሥራ ትተው ነው የሚወጡት። ትንሿ ልጅ ደግሞ ጫፍ መውጣት አያስፈልጋትም። ከመኪና ማቆሚያው ብዙ ሳይራቅ የተፈጥሮ መንገድ አለ፤ በጎችና አጋዘን እንዳይገቡበት በታጠረው ቦታ ውስጥ ዛፉና አበባው እንዴት እንደተመለሰ ታያለች። ቦታውን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት ፎር ስኮትላንድ የሚባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ሜዳ ላይ ማደር በሕግ የተፈቀደ መሆኑ እውነት ነው። ኪሊን ያለችበት የሎክ ሎመንድና ትሮሳክስ ብሔራዊ ፓርክ ግን በብዙ የሐይቅ ዳርቻዎች ላይ ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለ ፈቃድ መስፈርን ይከለክላል። ሰዉ ዛፍ እየቆረጠ፣ ቆሻሻ እየጣለ ስላስቸገረ ነው። የፓርኩን ካርታ እዩ፤ ወይም ከሁሉ የሚቀለውን አድርጉ፦ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የኮቴጁ ጓሮ ውስጥ ይትከል። ሌሊት ሲበርደው በር አንኳኩቶ ይገባል። እሳት ግን የለም። የዚያ አገር መሬት ብዙ ቦታ ላይ ፒት የሚባል አፈር ነው፤ ደርቆ የሚነድ የበሰበሰ እፅ ማለት ነው። ላዩ የጠፋ የመሰለ እሳት ከሥር እየተሳበ ይቆያል።

አሁን ሁለት ትንንሽ ጠላቶች አሉ። አንደኛዋ ሚጅ የምትባል ትንኝ ናት። በሽታ አታስተላልፍም፤ ግን በሺህ ሆና ስትመጣ ሰው ያብዳል። በበጋው አጋማሽ ላይ ትብሳለች፤ ኦገስት መጨረሻም ገና አለች። የምትወጣው ማለዳና ማምሻ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በዳመናና በእርጥበት ነው። ትንሽ ነፋስ ካለ መብረር አትችልም። ስለዚህ ውጭ ስትበሉ ነፋስ የሚነካው ቦታ ተቀመጡ፣ ለፊት የሚሆን መረብ ለእያንዳንዳችሁ ግዙ። ርካሽ ነው፤ ያስቃል፤ ይሠራል። ሁለተኛው መዥገር ነው፤ እሱ ቀልድ አይደለም። ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ከረጅም ሣርና ፈርን ከሚባለው ቅጠላም ተክል ውስጥ ስትወጡ ማታ ማታ የልጆቹን እግር፣ ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ የፀጉር ሥር እዩ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። ቅቤ መቀባት፣ ጋዝ ማፍሰስ፣ በክብሪት ማቃጠል የለም፤ ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ነው የሚተፋው። በቀጣዮቹ ሳምንታት የተነከሰበት ቦታ ላይ ክብ እየሆነ የሚሰፋ ቀይ ነገር ካያችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሄዳችሁ መዥገር እንደነከሰው ተናገሩ።

እናትዎ ጋ ልምጣ፤ እንደማየው ፕሮግራሙ ውስጥ እሳቸው የሉም። ለእሳቸው የሚሆነው ነገር ደግሞ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው ብዬ ነው የማምነው። ኪሊን መሃል ላይ ዶካርት የሚባለው ወንዝ በድንጋይ ላይ እየተፈረካከሰ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ላይ ቆሞ ይታያል፣ መራመድ አይጠይቅም። ድንጋዩ ላይ መውረድ ግን ያዳልጣል፤ ለትንሿ ልጅም አይሆን። ከመንደሩ ወደ ሐይቁ ራስ በ1965 የተዘጋው የባቡር ሐዲድ ያለፈበት መንገድ አለ። ሜዳ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የተሠራ እስኪመስል ድረስ ለጥ ያለ ነው።

ኬንሞር በኩል፣ ዳለርብ በሚባለው ቦታ፣ የስኮትላንድ ክራኖግ ማዕከል አለ። ክራኖግ ማለት ውሃ ላይ በግንድ ተደግፎ የተሠራ የጥንት ክብ ቤት ነው። ሎክ ቴይ ውስጥ የእንደዚህ ዓይነት ቤቶች ቅሪት 18 ተገኝቷል። ለጎብኚ ተብሎ እንደ ድሮው የተሠራው ቤት በጁን 2021 በእሳት ወደመ፤ ማዕከሉ በ2024 በአዲሱ ቦታ እንደገና ተከፈተ። ጠላቂዎች ከሐይቁ ሥር ካወጧቸው ነገሮች አንዱ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የእንጨት ሳህን ነው፤ ውስጡ የቅቤ ቅሪት ተገኝቶበታል። እሳት እንዴት እንደሚቆሰቆስ፣ እህል እንዴት እንደሚፈጭ፣ ክር እንዴት እንደሚፈተል እያሳዩ ያስረዳሉ። ብዙ ጎብኚ እዚያ አዲስ ነገር ያያል። እናትዎ ግን እንዝርቱን ሲያዩ ሠራተኞቹን ሊያርሟቸው ይችላሉ። ያን ሰዓት ካሜራ ያዙ።

ከኬንሞር ትንሽ አለፍ ብሎ ፎርቲንጎል የምትባል መንደር አለች። በቤተ ክርስቲያኗ አጥር ግቢ ውስጥ በብሪታንያ እጅግ ካረጁት ዛፎች አንዱ ቆሟል። ዕድሜው ከ2,000 እስከ 3,000 ዓመት ይገመታል፤ ከዚያ በላይ የሚሉም አሉ። ግንዱ ከጊዜ ብዛት ተከፋፍሏል፤ ድሮ ሰዉ ለመታሰቢያ እየቆረጠ ስለወሰደበት ታጥሮለታል። በደብር ግቢ ውስጥ ዛፍ ሲጠበቅ እያየ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ልጆቹ ግን ቅጠሉንም ፍሬውንም አይቅመሱ፤ ዩ የሚባለው ይህ ዛፍ መርዛማ ነው።

እናትዎ ጠበል የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ከክሪያንላሪክ መንደር ወደ ቲንድረም መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የቅዱስ ፊላን ኩሬ አለ። በድሮ ጊዜ አእምሮው የታወከ ሰው እዚያ ወንዝ ውስጥ ይነከርና ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ታስሮ ያድር ነበር። ጠዋት ገመዱ ላልቶ ከተገኘ ድኗል ይባላል። ዛሬ የሚደረግ ነገር የለም፤ ጥግ ላይ ያለ ፀጥ ያለ ውሃ ነው። ግን ታሪኩን በአማርኛ ንገሯቸው፤ ከሎክ ኔስ አውሬ ይልቅ ይህን ነው ለጎረቤት የሚያወሩት።

ዝናብ ይመጣል። ሰባቱን ቀን በሙሉ አይዘንብም፤ ሰባቱን ቀን በሙሉም ፀሐይ አይወጣም። ካፊያ ከሆነ ጃኬት ለብሳችሁ አበርፌልዲ በምትባለው ከተማ ያለውን ደንና ፏፏቴ እዩ፤ ፏፏቴ በዝናብ ነው የሚያምረው። ዶፍ ከሆነ እዚያው ከተማ ውስጥ ትንሽ የማኅበረሰብ ሲኒማ አለ። በ1898 የተከፈተ የውስኪ ፋብሪካም አለ፤ ጎብኚ ይቀበላል። የሚነዳው ሰው ግን አይቅመስ። በስኮትላንድ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የአልኮል መጠን ከእንግሊዝ ያነሰ ነው፤ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ሆኗል። እንግሊዝ ውስጥ 80 ነው። ለንደን ላይ «አንድ ብቻ ነው» የሚባለው ሒሳብ እዚያ አይሠራም።

መኪናው ላይ ሌላም ነገር አለ። ከሐይቁ በስተ ደቡብ ያለው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። መንገዱ ዳር በየተወሰነ ርቀት ለማሳለፊያ የተተወ ሰፊ ቦታ አለ። እሱ መኪና ማቆሚያ አይደለም፤ ፎቶ ለማንሳትም አይቆምበትም። ከፊት መኪና ሲመጣ ቅርብ ያለው ይቆማል ወይም ኋላ ማርሽ አስገብቶ ይመለሳል። ከኋላ የቸኮለ የአገሩ ሰው ከመጣ አሳልፉት፤ ወደ ሥራ እየሄደ ነው። ኋላ መንዳት የሚያስፈራችሁ ከሆነ በሰሜን በኩል ያለውን ሰፋ ያለ መንገድ ያዙ።

ስለ ቤቱ ማንም ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። ቡና ትቆላላችሁ፤ አውቃለሁ። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በስኮትላንድ እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት እርስ በርስ የተያያዘ የጭስ ማንቂያ እንዲኖረው ሕግ ወጥቷል። ለንደን ቤታችሁ ውስጥ አንዱ ሲጮህ በፎጣ አራግባችሁ ታስቆሙት ይሆናል። እዚያ ሳሎን ያለው ከጮኸ ኮሪደሩም ፎቁም አብሮ ይጮኻል። ማንቂያውን በፌስታል መሸፈን ደግሞ በፍጹም አይሞከርም። ትንሽ የካምፕ ምድጃ ይዛችሁ ቡናውን ውጭ፣ በረንዳው ፊት፣ ከሣር ራቅ አድርጋችሁ ቁሉት። ጭሱ ሚጇንም ያባርርላችኋል። ከሰል ግን ቤት ውስጥ ለዕጣንም ቢሆን አይግባ። የገጠር ኮቴጅ በብርድ ምክንያት ግጥም አድርጎ ነው የሚዘጋው፤ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ከለንደን ይዛችሁ ሂዱ። ኪሊን ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ዳቦ ታገኛላችሁ። ጤፍ አትጠይቁ። ፆሙ ስለተፈታ ሥጋ ችግር አይሆንም፤ የአገሩ በግ ጥሩ ነው፣ አበርፌልዲ ወርዳችሁ ግዙ። ምግብ ቤት ውስጥ ለመብላት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ የገጠር ማድቤት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ትእዛዝ አይቀበልም። የአበሻ እራት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ቺፕስም አይተርፋችሁ።

ኪራዩን ከከፈላችሁ በኋላም ቢሆን አንድ ነገር አጣሩ። በስኮትላንድ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩም ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት። ቁጥር ከሌለ ባለቤቱን ጠይቁ። ሲያድበሰብስ ከሰማችሁ ገንዘባችሁን ለማስመለስ ጊዜ ሳለ ተንቀሳቀሱ።

ስለዚህ ዛሬ የምትይዙት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የክራኖግ ማዕከሉን ትኬትና የአንድ ጠዋት ካያክ። የካያኩን ቀን መቀየር ይቻል እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሌላውን ቀን ክፍት ተዉት። አንድ ረዘም ያለ ጉዞ ካላደረግን አንሆንም ካላችሁ ሎክ ካትሪን ሂዱ፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። በ1899 የተሠራ መርከብ አለ፤ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው አስፋልት ደግሞ ለሕዝብ መኪና ዝግ ነው። አባትና ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፤ እርስዎና እናትዎ በጀልባ። በሚቀጥለው ዓመት የመምረጥ ዕድሉ ካላችሁ ደግሞ ኦገስትን ተዉትና የሜይ መጨረሻውን የትምህርት ቤት ዕረፍት ያዙ። ያኔ ዝናቡ ያንሳል፣ ሚጇ ገና አልበዛችም፣ ብርሃኑም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ይቆያል። ውሃው ግን ያን ጊዜ የባሰ ነው የሚቀዘቅዘው።